ለሦስት ቀን ብለን ያጠናነው ጉዞ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቤዛ ከቡሬ በሚኒባስ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቤዛ ቡሬ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቀና ብላ ስለማታውቅ ዕረፍት ልወጣ ነው ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ዶሃ፣ አክስቴ! ሦስት ቀን ብቻ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር። ዕቅዱን ልንገርሽ?" አለችና ማንበብ ጀመረች። "የመጀመሪያው ቀን ሆቴል ገብቶ ማረፍ፣ ጀምበር ስትጠልቅ በባሕሩ ዳር መንሸራሸር። ሁለተኛው ቀን ጠዋት የድሮው ገበያ…"

"እዚያው አጠገብ ጭልፊት የሚሸጥበትን ማየት" አልኳት። "ከሰዓት በጀልባ። ሦስተኛው ቀን ለቤተሰብ ስጦታ ገዝቶ መመለስ።"

ቤዛ ስልኩን ዝቅ አድርጋ አየችኝ። "ሄደሽ ታውቂያለሽ እንዴ?"

"አላውቅም" አልኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንባ የመጣብኝ መስሏት ተከትላ ወጣች፤ እኔ ግን ተናድጄ ነው። ንዴት ሃያ ዓመት ሳይበርድ ይቆያል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ይቆያል፤ እንዲያውም እንደ አረቄ እየጠነከረ ይሄዳል።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ እቤት ተቀምጫለሁ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ወርደው በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ በየደጁ የበርበሬ ስጥ ቀልቶ የተዘረጋበት፣ መንገደኛው ሁሉ እያስነጠሰ የሚያልፍበት ወር። የጎረቤታችን ልጅ ማሬ አብሮ አደጌ ናት። አባቷ ሲሞት ከሦስተኛ ክፍል አቋርጣ ከእናቷ ከእማማ ጥሩዬ ጋር እርሻውን ያዘች። ማሬ ስትስቅ አፏን በእጇ አትከድንም ነበር፤ ሴት ልጅ እንዲህ አትስቅም ብለው ቢቆጧትም አልተወችም።

ደላላው የመጣው በዚያ ወር ነው። ስሙን አልጠራውም። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልለውም። ከአባቴ ጋር የአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጣ ሰው ስለነበር ቤታችን ገብቶ ሲቀመጥ ማንም አልጠረጠረውም። በሥራ ስም መሄድ ወረቀቱ ብዙ ነው፤ ለጉብኝት ነው ብላችሁ ትወጣላችሁ፤ ዶሃ ስትደርሱ ቀጣሪያችሁ አየር ማረፊያ መጥቶ ይወስዳችኋል፤ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ትመለሳላችሁ አለን። አባቴ እሺ አለ፣ እማማ ጥሩዬም እሺ አሉ። እኔና ማሬ ገና ሳንጠየቅ እሺ ብለናል።

ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቶ አራት ቀን አስጠናን። እሱ የአየር ማረፊያ ሹም ሆኖ ኮፍያ ያደርጋል፣ እኛ ጎብኚ እንሆናለን።

"ስንት ቀን ትቆያለሽ?"

"ሦስት ቀን።"

"ለምን ጉዳይ?"

"ለመዝናናት።"

ማሬ ተወልዳ ተዝናንታ አታውቅም። በእኛ አገር ሰው የሚያርፈው ወይ ሰንበት ሆኖ ነው፣ ወይ ታሞ ነው፣ ወይ ሞቶ ነው። ሆቴሉን፣ የባሕሩን ዳር፣ ጀልባውን፣ ሁሉንም በቃሏ መያዝ ነበረባት። ማንበብ ስለማትችል እኔ ደብተር ላይ ጽፌ፣ የቆሎ ተማሪ ዳዊት እንደሚያጠናው እየደጋገምኩ አስያዝኳት። የሚያስቸግረን ጭልፊቱ ብቻ ነበር።

"ጭልፊት? ይኸ ጫጩታችንን የሚጨርስብን?" አለች ማሬ መጀመሪያ የሰማች ቀን። "ኧረ አንች! ገዝተውት ምን ሊሆናቸው ነው? እኛ ድንጋይ ይዘን እናባርረዋለን!" ከዚያ በኋላ "ጭልፊት አያለሁ" የሚለው ቦታ ስትደርስ ሳቋ ያመልጣታል። ደላላው ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ "እዚያ ከሳቅሽ አለቀልሽ!" ይላታል። ደጅ ወስጄ ብቻዋን አስጠናኋት። ሳትስቅ እስክትለው ድረስ አስደጋገምኳት። በአራተኛው ቀን ፊቷ ሳይፈታ ጥርት አድርጋ ስትለው፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮርቼባት ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ደላላው ሁለት ነገር አደረገ። እማማ ጥሩዬ ለሁለት ዓመት ይበቃል ብለው ቆልተው የፈጩትን በሶ ከማሬ ሻንጣ አወጣ። "ለሦስት ቀን የሚሄድ ሰው በሶ አይቋጥርም" አለና አልጋው ሥር ከተተው። እሱው በልቶት ይሆናል፤ ሆዱን ይቁረጠው። ሁለተኛው መሐላው ነው። አየር ማረፊያ ስትደርሱ እንደማትተዋወቁ ሁኑ፣ አንዷ ብትያዝ የሌላዋን ስም እንዳትጠራ ብሎ በሚካኤል ስም አስማለን። መሐላ ለከተማ ሰው ቀልድ ሊሆን ይችላል። እኛ መሐላ የበላ ሰው ዘሩ ሲጠፋ አይተናል እየተባልን ነው ያደግነው። ይኼን አሳምሮ ያውቅ ነበርና ነው ያስማለን።

አዲስ አበባ ደረስን። አየር ማረፊያው ውስጥ ማሬ ከእኔ ሦስት ሰው ቀድማ ቆመች። ጀርባዋን ነው የማየው፤ የተዋሰችው ጃኬት ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት ነበር። ተራዋ ሲደርስ ድምጿ ተሰማኝ። ሦስት ቀን። ለመዝናናት። የባሕሩ ዳር። ጭልፊት አያለሁ። አልሳቀችም። ማኅተሙ ጧ ሲል ሰማሁትና እኔ ራሴ ያለፍኩ ያህል ደስ አለኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያሉት ጸጉራቸው የሸበተ፣ አያቴን የሚመስሉ ሰው ነበሩ። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። አንድም አልሳትኩም። ማኅተሙን አነሡ። ይኼኔ ነው ያልተጠናው ነገር የመጣብኝ። እኛ ዘንድ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ ሳይመረቅ አይወጣም። ከቤት ስወጣ አባቴ መርቆኛል፤ ግን አገር የምለቀው አሁን ነው፣ የመጨረሻው ሽማግሌ እኚህ ናቸው ብዬ አሰብኩ መሰለኝ። አላሰብኩም እንዲያውም፤ ወገቤ በራሱ ጎንበስ አለ።

"አባቴ፣ ይመርቁኝ" አልኳቸው።

ማኅተሙን መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ለሦስት ቀን መንገድ ማን ምርቃት ይጠይቃል?"

ይኼን ጥያቄ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩትም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከማን ጋር ነሽ? አትፍሪ፣ ንገሪኝ። ሌላ ልጅ አለች?"

ማሬ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆማለች። ትንሿን ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔን የማታውቅ መስላ፣ እኔን እየጠበቀች። ሃያ እርምጃ አይሆንም። "እሷ" ብዬ በጣቴ ባሳይ ይበቃ ነበር።

"ብቻዬን ነኝ" አልኩ።

መሐላውን ፈርቼ ነው እላለሁ ስናገረው። እውነት ነው፣ ፈርቼ ነበር። ደግሞም አንዳችን እንኳ እንሂድ፣ እማማ ጥሩዬ ባዶ እጃቸውን አይቅሩ ብያለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን ማሬን አልመለሷትም።

እኔን ወደ ኋላ መለሱኝ። ማሬ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ተሳፋሪዎቹን ተከትላ ሄደች።

መንደር ስገባ "ከደጅ የተመለሰች" ተባልኩ። አባቴ ለወር ያህል አላናገረኝም። በአምስተኛው ወር ማሬ ፍኖተ ሰላም ወዳለው የአጎቴ ሱቅ ስልክ ደወለች፤ መልሳ ትደውላለች ተብሎ ተልኮብኝ ሮጬ ደረስኩ።

"እንዳስጠናሽኝ አልኩላቸው እኮ፣ እታለም" አለችኝ። "አንድም አልሳትኩ።"

"ባሕሩን አየሽው?"

"ከቤት መች እወጣለሁ? በሩ በውጭ ነው የሚቆለፈው።" ቀጠለችና "ጭልፊቱ ግን እውነት ነው። ሰውየው ሳሎን አስቀምጦታል፣ ዓይኑን ሸፍኖ። ሥጋውን የምቆርጥለት እኔ ነኝ። ለሱ ሥጋ፣ ለኔ የተረፈ ሩዝ" አለች።

"ሳቅሽ?" አልኳት፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው!

"አልሳቅሁም" አለች። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምጿን የሰማ የለም። ደላላውን ስንጠይቀው "ከቀጣሪዋ ቤት ጠፍታለች፤ ምን ላድርግ?" አለን። ሰውም ሀብት አግኝታ ረሳችን አለ። ማሬ እናቷን ትረሳለች ብሎ የሚያወራ አፍ ምነው በተዘጋ!

ደላላው አለ። ፎቅ ሠርቷል። አምና ለቤተ ክርስቲያን ደወል አበረከተ ተብሎ እልል ተባለለት፤ እኔ ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እሑድ እሑድ ያ ደወል ሲደወል ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማው። እማማ ጥሩዬም አሉ። በገበያ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ከምሸጥባት ሱቄ ደጃፍ ቁጭ ብለው ያርፋሉ። ሲነሡ ሁልጊዜ "አንች እንኳ ቀረሽልኝ፤ እሷን የወሰደ አምላክ አንችን ያቁምልኝ" ብለው ይመርቁኛል። ሽማግሌው የጠየቁኝን ጥያቄ ግን ነግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ይኼን ሁሉ ለቤዛ ጓሮ ቆሜ ነገርኳት። እሷም ዓይኗን ካረፈበት መሬት ሳታነሣ "ልሰርዘው?" አለችኝ።

"ለምን ትሰርዣለሽ? ሠርተሽ ያገኘሽው ዕረፍት ነው። ሂጂ፣ ተዝናኚ፣ ባሕሩንም እዪው" አልኳት። ሳላስበው ተቆጥቼ ነበር የምናገረው።

"በይ እንግዲያው መርቂኝ" አለችና ጎንበስ አለች። "ለሦስት ቀን መንገድ" የሚለው ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። በደህና ግቢ፣ በገዛ እግርሽ ተመለሺ ብዬ መረቅኳት።

ትናንት የገበያ ቀን ነበር። እማማ ጥሩዬ በርበሬያቸውን ሽጠው መጥተው ደጃፌ ተቀመጡ። ውሃ ሰጠኋቸው። ለቤዛ የነገርኩትን ለሳቸው የማልነግርበት ምክንያት አጣሁና ነገርኳቸው፤ ማኅተሙን፣ መስተዋቱን፣ ጥያቄውን፣ መልሴን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ቅርብ ነበረች? በዓይንሽ ትታይሽ ነበር?" አሉኝ።

"ትታየኝ ነበር፣ እማማ።"

ጣሳውን መሬት አስቀመጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይመርቁኝ ሄዱ። ደግ አደረጉ።