አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሄጄ፣ ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ዛሬ አፌ የተፈታው እናንተ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

እዚህ አትላንታ፣ ስኔልቪል አጠገብ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ጋሽ ተፈራ ደግሞ አገር ቤት ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ አስተምረው፣ እዚህ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አዲስ የመጡ ልጆችን ያስጠኑ ነበር። ለእነሱ ብለው የክፍልፋይ መልመጃ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በእጃቸው ደብተር ላይ ጽፈው ነበር። ልጅ የት ላይ እንደሚሳሳት የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው፤ እኔ እንዲህ መጻፍ አልችልም።

ያኔ ትምህርት ቤቶቻችን ነፃ መጻሕፍት መጠቀም ጀመሩ። ማንም ዳውንሎድ ያደርጋል፣ ያባዛል፣ ያሻሽላል። ፈቃዱ የሚጠይቀው የጻፈውን ሰው ስም መጥራት ብቻ ነው። አንዲት ነገር! የጋሽ ተፈራን ደብተር ታይፕ አድርጌ ላስገባው ስላቸው ደስ አላቸው። "ስምዎን ልጻፈው?" ብዬ በስልክ ጠየቅኳቸው።

"ኧረ ተይ ልጄ፣ የኔ ስም ምን ይሠራል? ልጆቹ ይማሩበት እንጂ" አሉኝ።

እሺ አልኩ። እኔ! እንግዳ "በቃኝ" ሲል "በሞቴ" እያለች የምታጎርስ እናት ያሳደገችኝ፣ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ ጠፍቶኝ ነው? ይሉኝታ መሆኑን አላወቅኩም? አውቄያለሁ። ደግሜ እንድጠይቃቸው መፈለጋቸው ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር። ግን ትምህርት ቤቴ ውስጥ የሒሳብ መምህራን ቡድን መሪነት ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ በስሙ መጽሐፍ ያለው ይመረጣል፤ ፈለግኩት። ስልኩን ዘጋሁና የራሴን ስም ብቻ ጻፍኩ።

መጽሐፉ ተመረጠ፤ ቦታውንም አገኘሁ። በተመረቀ ዕለት ጋሽ ተፈራ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ልጃቸውን ብሩክታዊትን ይዘው መጡ። አንድ ቅጂ አንስተው ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ ውስጡንም ገልጠው አዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ምነው በጥፊ ባጮሉኝ ኖሮ!

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማስጠናቱን ተዉ። ታመሙ ሲባል ሰማሁ፤ ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። በየትኛው ዓይኔ? ሞቱ። ለቅሶው ላይ ከሁሉ አብልጬ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ሰዉም "እንዴት ብትወዳቸው ነው!" አለ።

ከቀብር በኋላ መጽሐፉ የሚወርድበት ድረ ገጽ ላይ ስማቸውን አስገባሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ግን ነፃ መጽሐፍ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስንቱ ትምህርት ቤት በእኔ ስም አባዝቶታል፤ ከየት ብዬ ልልቀመው?

ባለፈው ሰሞን ብሩክታዊትን እዚሁ አትላንታ አጠገብ ዱሉዝ ከተማ አገኘኋት። "ልጄ የአባዬን መልመጃ ከክላስ ይዛ መጣች" አለችኝ። "የአያትሽ ነው ብላት 'ኖ ማሚ፣ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው' ብላ አላምን አለችኝ። አንቺን አልቀየምኩም እኮ። አባዬ ራሱ፣ 'ደጋግማ ለምናኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ' ብሎኛል።"

ደጋግማ ለምናኝ! እንደዚያ ብለው ሸፍነውኝ ሞቱ። እውነቱን ማውጣት የነበረብኝ እዚያው ላይ ነበር። ምን አልኳት መሰላችሁ? "አዎ፣ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው" አልኳት። እሷም አቀፈችኝ።

ይቅር በሉኝ አልልም። እሷን ሳልጠይቅ እናንተን መለመን ሌላ ሌብነት ነው።