ቢጫዋ መብራት በዳኛው ጋራዥ

በሰፈሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ከጠፋ ዘመን ተቆጥሯል፤ ትልቁም ትንሹም «ዳኛው» ይላቸዋል። በችሎት ተሰይመው አያውቁም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት፣ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ የሥራ ቱታቸው ዘወትር የተተኮሰ። ቅጽል ስሙን ያተረፈላቸው አሠራራቸው ነው። ሌላው መካኒክ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት «ሴንሰሩ ነው፣ ይቀየር» ሲል፣ እሳቸው ስፖንጁ የፈነዳ አሮጌ በርጩማቸውን ስበው ይቀመጡና ነገሩን ከሥሩ ይጠይቃሉ። መኪናዋን የነካ ሁሉ ቀርቦ ቃሉን ካልሰጠ ካቻቪቴ አያነሡም። በዚህ ጥያቄ የተነሣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ከጋራዡ የወጡበት ቀን አለ፤ ተኳርፈው የመጡ ወንድማማቾች ታርቀው የሄዱበትም አለ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ በጣሪያዋ ላይ «ተማሪ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች ነጭ መኪና በሩን አልፋ ገባችና ቆመች። የምትነዳት የመንዳት አስተማሪዋ ነበረች።

«ጋሼ፣ አለቀልኝ!»

«መጀመሪያ እንደምን አደርሽ?»

«መብራቷ በደህና አድራለች። እኔማ መች ተኛሁ!»

ጣቷን ወደ ዳሽቦርዱ ቀሰረች። ከመሪው ኋላ፣ ከጎማዋ ሥር ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች የሚወጡባት የትንሽ መኪና ሥዕል በቢጫ ብርሃን ቦግ ብላለች። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ መኪናዋን ከመንሸራተት የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ሥራውን አቁሟል። ሞተሩ ሲነሣ መብራቷ ትጠፋለች፤ ቀጥ ባለ መንገድ ጥቂት እንደ ተጓዙ ተመልሳ ትበራለች። አንዱ ጋራዥ ሁለት የጎማ ሴንሰር ቀይሯል፤ ሌላው በኮምፒዩተር አጥፍቷት ነበር፣ አስተማሪዋ ቤቷ ሳትደርስ በራች። መኪናዋ በዓመታዊው ምርመራ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የመጨረሻው ዕድል ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ነው፤ ሦስተኛ ከወደቀች ከማስተማሪያ መዝገብ ትሰረዛለች። ሴትዮዋ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት እንጀራዋን የበላችው በዚህችው መኪና ነው።

ዳኛው በርጩማቸውን ሳቡ።

«ማን ማን ነክቷታል?»

«ሁለቱ ጋራዦች፣ እኔ፣ አላይመንት የሠራው ሰውዬ።»

«አላይመንት ለምን አስፈለጋት?»

«መሪዋ ዘንበል ብሎብኝ ነበራ! ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ወደ ግራ ያያል። ሰውዬው ጎማዎቹን አስተካክሎ ቀጥ አደረገልኝ።»

«መብራቷ የበራችው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በማግስቱ! ወይ ጉድ፣ ማንም እኮ አልጠየቀኝም!»

ዳኛው የመመርመሪያ ማሽናቸውን አገናኝተው ከጎኗ ተቀመጡ፤ ወደ ሰፊው መንገድም ወጡ። ማሽኑ መሪው አሥር ዲግሪ ወደ ቀኝ መዞሩን ይናገራል።

«ቀጥ ብለሽ ነው የምትነጂው?»

«ጋሼ! ግማሹን ሰፈር ቀጥ ብሎ መንዳት ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው አንቺም አልዋሸሽ፣ ማሽኑም አልዋሸ። በመካከላችሁ የገባ ሰው አለ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው መሪው ላይ አረፈ። ደማቅ ቡናማ ቆዳ ለብሷል፤ ስፌቱ እንደ ተዘራ ሰሊጥ ደቃቅና የተካከለ። «ይህን ያለበሰው ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነዋ፣ ለልደቴ።»

«ልብስ ሰፊው? ይጠራ!»

ወደ ጋራዡ ተመለሱ፤ ባልየው ሱቁ ከጋራዡ ማዶ ነበርና ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ፣ መርፌ ደረቱ ላይ እንደ ሰካ መጣ።

«ቆዳውን ስትሰፋ መሪው የት ነበር?» አሉት ዳኛው።

«መኪናው ላይ ነዋ። የት ይሄዳል?»

ዳኛው ጣታቸውን በስፌቱ ጀርባ በቀስታ አስኬዱ። «ከኋላውም እኮ አንድ ክር አልተዛባም። መኪና ውስጥ ተጎንብሶ የተሰፋ እንዲህ ሊያምር ይችላል?»

ልብስ ሰፊው ተግሣጽን ይችላል፤ ምስጋናን ግን አልቻለም። «እንዴት ተደርጎ! እኔ ልብስን ሰው እንደ ለበሰው ሰፍቼ አላውቅም። መጀመሪያ አስወልቄ ነው…» አለና ምላሱን ነከሰ።

«አወለቅከው?» አለች ሚስቱ።

«እናትሽ ጋ በሄድሽበት ቀን ነው… ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ሰፋሁት። መልሼ ግን ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ!»

«መሪዬን! አንተ ሰውዬ፣ ሱሪ መሰለህ?»

«ውስጡ ያለው ኤርባግ ፊትህ ላይ ቢፈነዳ ኖሮ» አሉ ዳኛው፣ «ፊትህን ማን ይሰፋልህ ነበር?»

ከዚያም በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። መሪው በሚታሰርበት ዘንግ ላይ ደቃቅ ጥርሶች አሉ፤ ሲመልሰው በአንድ ጥርስ አሳልፎታል። «አንተ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ ዘለህ ቆለፍክ። አላይመንት ሠሪው ደግሞ የተንጋደደውን አይቶ ከታች ጫፉን ቆርጦ አስተካከለው። ላየው ሰው ቀጥ ብሏል፤ ዘንጉ ግን ዞሯል። አንዱ ሴንሰር ‹እየታጠፍን ነው› ይላል፣ ሌላው ‹ኧረ ቀጥ ብለናል› ይላል። መቆጣጠሪያውም ማንን ይመን? ሥራውን ለቀቀ።»

ባትሪውን ነቀሉ፤ የኤርባጉ ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማንም እጁን እንዳያሳርፍ አዘዙ። ኤርባጉን በጥንቃቄ አውጥተው መሪውን አንድ ጥርስ መለሱትና አሰሩት። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትነዳ ግን መሪው ወደ ቀኝ ተንጋደደ።

«ይኸው ባሰበት!» ብላ ጮኸች ሚስትየዋ።

«የለም፤ አሁን መሪውና ማሽኑ አንድ ቃል ተናገሩ። ያጠፉት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው።»

አላይመንቱ እንደገና ተሠራ፤ ዳኛውም የመሪውን ሴንሰር በማሽናቸው ዜሮ ላይ አሳረፉት። ከዚያ ሦስቱም ተሳፍረው ወጡ፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ ወንበር፣ ምንም ነገር እንዳይነካ ቃል አስገብተውት። አምስት ደቂቃ ሄዱ፣ አሥር ሄዱ። ሚስትየዋ በአንድ ዓይኗ መንገዱን በአንዱ ዳሽቦርዱን ታያለች። ሃያ ደቂቃ ሞላ። መብራቷ አልበራችም።

ወደ ምርመራው ብቻዋን ሄደች። ሁለቱ ወንዶች በጋራዡ በር ቆመው ጠበቁ፤ ልብስ ሰፊው በጭንቀት ሜትሩን አሥር ጊዜ ጠቀለለ፣ አሥር ጊዜ ፈታ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከመንገዱ ጫፍ የመኪና ጥሩምባ ሳያቋርጥ ጮኸ። የመስታወቷ አዲስ ተለጣፊ ከሩቅ ይታያል።

«አለፈች! ጋሼ፣ አለፈች!» ብላ ወርዳ ዳኛውን አንገታቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ባሏንም ልትቆጣ ዞረች፤ ነገር ግን ሳቋ ቀደማት።

ዳኛው በበርጩማቸው ላይ ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተከሳሹ ጥፋቱን አምኗል። ስፌቱ ግን እንከን የለውም። ስለዚህ ይህችን በርጩማ በዚያው ቆዳ እንዲያለብስ ተፈርዷል።»

«በደስታ! ይነሡልኝና ወደ ሱቅ ልውሰዳት።»

«አልነሣም። ማውለቅ ተከልክለሃል፤ እንደ ተቀመጥኩ ትሰፋታለህ።»

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንበርክኮ፣ «ጋሼ፣ ቢያንስ አይሳቁ፣ መርፌው ይስታል!» እያለ ሰፋ። በርጩማዋ ዛሬም በጋራዡ አለች፤ በአንድ ጎኗ ስፌቱ ተዛብቷል። ዳኛው ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ ያሳዩታል፤ «የሰፈራችን ምርጥ ልብስ ሰፊ ሥራ ነው» ይላሉ፣ ልብስ ሰፊውም ከመንገዱ ማዶ ሆኖ «ይግባኝ!» እያለ ይጮኻል።