አገዳውስ?

ሐይቅ ከተማ ገበያ የሚመጠጠውን የማሽላ አገዳ፣ ጥንቅሽ፣ ገዛሁ። ልጣጩን በጥርሴ ስልጥ ጣፋጭ ውሃው አፌን ሞላው፤ አባቴም ትዝ አለኝ።

የደርግ ዘመን ነው። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ አዲስ የማሽላ ዘር ያስተምራል። ቁመቱ አጭር፣ ፍሬው ብዙ ነው አለ። አባቴ ተነሣ።

«አገዳውስ ጓድ? ላማችን ምን ትብላ?»

«አባባ፣ የማኅበሩ አባል እርስዎ ነዎት ወይስ ላምዎ?»

ከሁሉም ቀድሜ እኔ ሳቅሁ። ገና ፊደል መቁጠሬ ነበርና ከአባቴ ይልቅ ለባለሙያው የቀረብሁ መስሎኝ ነበር። ሌሎቹም ተከትለውኝ ሳቁ። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ተቀመጠ፤ እንደ ሁሉም አዲሱን ዘር ተቀበለ።

ስንመለስ አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለው ማሳችን ረጅም ጥንቅሽ ቆርጦ ሰጠኝ።

«ጠግበሽ ብዪ የኔ ልጅ፤ ለከርሞ አይኖርም» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ስለ ጥንቅሹ ብቻ የሚያወራ መሰለኝ።

በዓመቱ ፍሬው አልከፋም። አገዳው ግን በጥር አለቀ፤ ላማችንን እዚሁ ገበያ አምጥተን ሸጥናት። አባቴ ገመዷን ለገዢው ሲያቀብል ወደ እኔ አላየም።

ያን ቀን ባልስቅ ኖሮ ሌሎቹም ስለ ላሞቻቸው ይጠይቁ ነበር ይሆን?

የቀረውን ጥንቅሽ አጠገቤ ለታሰረች ላም ሰጠኋት።