መቀስ ያላስነካችው ፀጉር

አክስቴ በደቡብ ሱዳኗ ጁባ ከተማ፣ ቡሉክ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት። ከአዲስ አበባ እሷ ዘንድ ስመጣ፣ ሪላክሰር የሚሉት የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የተደጋገመበት ፀጉሬ እንደ ገለባ ደርቆ በማበጠሪያ ይረግፍ ነበር። ውሃ ሲነካው ወዲያው ይጠጣል፤ ወዲያው ደግሞ ይደርቃል። ጎረቤታችን አይታኝ፣ «ኻላስ፣ በቃ፣ ይቆረጥና ትገላገል» አለች።

«ማንም መቀስ አያነሳባትም» አለቻት አክስቴ።

እሷ ደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት ማፍሰስ አትወድም። «መጀመሪያ ውሃ ይጠጣ። ያለዚያ ድርቀቱን ነው የምትዘጊበት» ትለኝ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በለብታ ውሃ ታርሰውና ኮንዲሽነር ቀብታ በፌስታል ትሸፍነው ነበር። ካለቀለቀችው በኋላ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ዘይት ታስነካዋለች። ወራት ፈጀባት። ፀጉሬ ግን መሰባበሩን አቆመ።

አክስቴን የቀበርን ዕለት አንዲት ትልቅ ዘመዳችን መቀስ ይዘው መጡ።

«እንደ እናት ነው ያኖረችሽ። ፀጉርሽን ቁረጪላት እንጂ፤ ሰው ምን ይላል?»

«ያሉትን ይበሉ፣ እትዬ። ይህን ፀጉር እንዳይቆረጥ ስትከራከርልኝ የኖረችው እሷ ናት። አልቆርጥም።»

ፊታቸውን አዞሩብኝ። የተቀመጡት ሴቶችም አንዳቸው እንኳ አላገዘችኝም።

በማግስቱ እሁድ ነበር። ጓዳ ገብቼ ፀጉሬን ብቻዬን አራስኩ። ማጅራቴ አካባቢ እጄ አልደርስ አለኝ፤ እዚያ ሁልጊዜ የምትደርሰው እሷ ነበረች። እንባዬ ቀደመኝ። እያለቀስኩም ቢሆን ጨረስኩት። ከዚያ ሻሽ ሳላስር፣ ፀጉሬ እንደረጠበ ወጥቼ ለቀስተኛው መሃል ተቀመጥኩ።