በግርዶሹ ቀን የመጣችው እንግዳ

ሪዞርቱ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ «እትዬ ዝምታ» ይሏታል። ክፍል ታጸዳለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፋለች። ስለ ራሷ ለማንም ተንፍሳ ስለማታውቅ፣ ልጅ እንዳላት እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ልጅ ግን ነበራት። ባሏ የሞተው ልጅቷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ሰው ቤት ልትቀጠር ስትል «ልጅ ይዞ መግባት የለም» ተባለችና፣ ከተማ ላለችው ታላቅ እህቷ ሰጠቻት። «ከኔ ጋር ከምትንከራተት አንቺ ጋ ትማርልኝ» ብላ። እህቷ ልጅ አልነበራትምና አንቀባርራ አሳደገቻት። ልጅቷም አክስቷን «እማዬ»፣ የወለደቻትን «እትዬ» እያለች አደገች። እናት መጀመሪያ አለቀሰች፤ ኋላ ለመደችው።

ያልለመደችው የሠርጉን ነገር ነው። እህቷ ደውላ፣ «አማቾቿ የሚያውቁት እናቷ እኔ እንደሆንኩ ነው። ብትመጪ ነገር ይበላሻል። ለልጅሽ ስትዪ ሆድሽ ይቻለው» አለቻት። ሆዷ ቻለው። በሠርጉ ዕለት ሥራ ገብታ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ብትደውል የሚያነሣላት አጣች። ከዚያም አገር ቀይራ እዚህ ባሕሩ ዳር ባለው ሪዞርት ስትቀጠር፣ የት እንዳለች የጠየቃት የለም።

የፀሐይ ግርዶሹ የሆነው እንግዳ በሚጠፋበት ወቅት ነበር። ሥራ አስኪያጁ የወረቀት መነጽር አስመጥቶ፣ አሸዋው ላይ ወንበር አስደረደረ። ልብስ አጣቢዋ፣ «ፀሐይም እንደኛ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ ነው፤ ለሷ ግን ፈቀዱላት» ብላ ሠራተኛውን ሁሉ አሳቀች። እትዬ ዝምታም ፈገግ እንዳለች መነጽሮቹን በትሪ ይዛ ማደል ጀመረች።

ዳር ካለው ጃንጥላ ሥር አንዲት ወይዘሮ ከወንድ ልጃቸውና ከሚስቱ ጋር ተቀምጠዋል። ሚስቲቱ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

እናት ክው አለች። ልጇ ናት። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። እሱንም የነገራት አልነበረም።

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። ከንፈሯ ሊንቀሳቀስ ሲል ተወው። ከዚያ እጇን ዘርግታ አንድ መነጽር አነሣችና፣ «አመሰግናለሁ፣ እናቴ» አለች፤ ሰው የማያውቃትን ትልቅ ሴት እንደሚያመሰግን።

ከተወለደች ጀምሮ «እናቴ» ስትላት ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ፤ እርስዎም ይዩ» አሉ ወይዘሮዋ፣ በደግነት። እናት ትሪውን አጠገቧ አድርጋ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከዳር መጎደል ጀመረች። ብርሃኑ ገረጣ፣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ከዛፉ ቅጠል ሥር የሚያርፈው ጨረር ሁሉ እንደ ማጭድ ቀጠነ። ሰው ሁሉ በጥቁሩ መነጽር ሰማይ ሰማዩን ሲያይ እሷ የራሷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ልጇን አየች። ያበጡ እግሮቿን፣ የሰፋ ጫማዋን፣ ሆዷ ላይ ያረፈ እጇን። የሚያያት ስለሌለ እስክትጠግብ ልታያት ፈለገች፤ ግን አልጠገበችም።

«ልጆች አሉዎት?» አሉ ወይዘሮዋ፣ ከሰማዩ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

የልጅቷ እጅ ሆዷ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አልወለድኩም» አለች እናት።

«አይ፤ ምን ይደረጋል። እኛ ይኸው የልጅ ልጅ ልናቅፍ ነው። እናቷም ከተማ ሆነው ለአራስ ቤቱ ሽር ጉድ እያሉ ነው።»

«እሰይ። በሰላም ትገላገል» አለችና ትሪዋን ይዛ ተነሣች። ልጅቷ ግርዶሹ አልቆ ሰው ሁሉ ወንበሩን ሲለቅ እንኳ መነጽሯን አላወለቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ቤተሰቡ ሄደ። እናት ክፍሉን ልታጸዳ ገባች። አንዲት ነገር ትታልኝ ይሆናል ብላ ትራሱን አነሣች፣ መሳቢያ ከፈተች፣ መጋረጃውን ሳይቀር ገለጠች። ምንም የለም። ከወለሉ ላይ አንሥታ በመዳፏ የያዘችው ረጅም ፀጉር እንኳ የልጇ ይሁን የወይዘሮዋ መለየት አቃታት።

ከሰዓት በኋላ እህቷ ደወለች። ከሠርጉ ወዲህ ስትደውል ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ልጅቷ ደንግጣ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አማቷ ቦታውን ወድደውታል፤ ከወለደች በኋላ ሕፃኑን ይዘን እንመለሳለን እያሉ ነው። እባክሽ እህቴ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ።»

«ወንድ ነው ሴት?» አለች እናት።

«ምኑ?»

«ሕፃኑ።»

«ይኼን ማወቁ ምን ያደርግልሻል?»

«እሺ» ብላ እናት ስልኩን ዘጋች።

ወሩ ሲያልቅ ሥራውን ለቀቀች። ልብስ አጣቢዋ ሻንጣዋን እስከ በሩ ይዛላት፣ «ወዴት ነው እትዬ? ዘመድ ጋ ነው?» አለቻት።

«እንጃ» አለች፤ አውቶቡሱም መጣ።