ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ዙር

ሚስ ቨርኔል ስትራውድን በደንብ አላውቃቸውም። ከቤታቸው ሦስት ቤት አልፌ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ከኋላቸው ባለው ወንበር ነው የምቀመጠው፤ ዘንድሮ የገና በዓል ካለፈ በኋላ ባላቸው ሌሲ ሲሞቱ ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ይህ ሁሉ ቢደመር ሰውን ማወቅ አይሆንም። ስለ እሳቸው የሚጽፍ ከእኔ የተሻለ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከተማችን ፕሩዊት ግን የሚያውቃቸው ይመስለዋል። እዚህ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ትልቅ ሴት ባል ቢኖራትም በአክብሮት «ሚስ» ትባላለች፤ ሚስ ቨርኔል ደግሞ አንድ ዙር የጎደለባቸው ሴት ናቸው።

ነዳጅ በጠፋበት በ1974 የሁለቱ እሽቅድምድም ማኅበሮች ኪስ ነጠፈ። አንዱ የእኛ የባለጣሪያዎቹ ነው፤ ማንም ሰው ወደ ሥራ የሚሄድባትን የምትመስል መኪና የሚነዱት። ሌላው የኢንዲያናዎቹ የጎማ ገላጦቹ ነው፤ ቀጭን፣ ጎማዋ ከአካሏ ውጭ የሆነ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና የሚነዱት። ተዋሕደው አንድ ማኅበር ሊሆኑ ተስማሙ፤ በየትኛው መኪና እንደሚቀጥሉ ግን መስማማት አቃታቸው። ስለዚህ ሁለቱም ዓይነት በእኛው ሜዳ ሦስት መቶ ዙር አብረው እንዲሮጡ፣ የአሸናፊው ዓይነት እንዲቀጥል፣ የተሸናፊው እንዲቆም ተባለ።

ያኔ ዙር የሚቆጥር ማሽን አልነበረም። እያንዳንዱ መኪና የራሱ ጸሐፊ ነበረው፤ ብዙውን ጊዜ የነጂው ሚስት ናት። ሴቶቹ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር በተርታ ተቀምጠው መኪናቸው መስመሩን ባለፈ ቁጥር ከፊታቸው የተሰቀለውን ሰዓት አይተው ይጽፋሉ። አንዷ ብትዘነጋ ችግር የለውም፤ በሁለት ዙር መካከል ያለው ጊዜ እጥፍ ስለሚሆን የጸሐፊዎቹ አለቃ አይቶ ያስተካክለዋል። የማይስተካከለው አንድ ብቻ ነው። መኪናው ጎማ ሊቀይር ሲገባ መስመሩን የሚያልፈው በዳር መንገድ፣ ከጎማ ቀያሪ ሠራተኞቹ ጀርባ ነው፤ ስለሚቆምም ጊዜው ያለዚያም ይረዝማል። እዚያ ላይ ሳይጻፍ ለቀረ ዙር ከጸሐፊዋ ዓይን በቀር ምስክር የለም።

ሌሲ ከእኛ ባለጣሪያ ነጂዎች አንዱ ነበሩ፤ ጸሐፊያቸውም ሚስ ቨርኔል። ጎማ ሊቀይሩ የገቡት ከሁለት መቶ አሥረኛው ዙር በኋላ ነበር። በመጨረሻ ውድድሩን ከሁሉ ቀድመው ጨረሱ፤ ሰው ቆቡን ወደ ሰማይ ወረወረ። የሚስታቸው ወረቀት ሲቆጠር ግን ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ።

አለቃው መጥቶ፣ «ቨርኔል፣ ጎማ ሊቀይር ሲገባ መስመሩን አልፏል?» አላቸው።

«የጻፍኩት ይኸው ነው» አሉ።

አሸናፊው ጎማ ገላጣ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ በፕሩዊት ዙሪያ የነበሩት አሥራ አራት ጋራዦች ተዘጉ፤ ሥራውም ወጣቱም ወደ ኢንዲያና ሄደ። ባለጣሪያ መኪና ሲሽቀዳደም ያየ ልጅ ዛሬ እዚህ የለም። ሌሲ ካልሲ ፋብሪካ ገቡ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ አልጋቸው ላይ ሞቱ።

ባለፈው ሳምንት ምግብ መሸጫው ሱቅ ውስጥ ሚስ ቨርኔል እንቁላል ሲገዙ ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። ያን ቀን የሌሲን ጎማ የቀየረው ሽማግሌው ሆይት ጋዲ ከኋላችን ተሰልፏል።

«ቨርኔል፣ እንቁላሉን ለሌላ ሰው አስቆጥሪው» አላቸው። «አንቺ አሥራ አንድ ነው ትያለሽ።»

«አሥራ ሁለተኛውን አናትህ ላይ ስሰብረው ትቆጥረዋለህ። አንድ ጎማ ለመፍታት ዘጠና ሰከንድ የፈጀህ አንተ ነህ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ እስከ ቤታቸው ድረስ ቀስ ብለው ሲሄዱ አየኋቸው።

ትናንት ሆይት ራሱ ወረቀት አስይዞ ወደ እሳቸው ቤት ላከኝ። ሚስ ቨርኔል በረንዳቸው ላይ ሆነው ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«ና ውጣ፣ ደረጃው ላይ አትገተር» አሉኝ። «ሆይት ነው የላከህ?»

«አዎ፣ ሚስ ቨርኔል።»

«ራሱ ለምን አልመጣም?»

«እርስዎን ይፈራል።»

«እሱስ ደግ አደረገ።»

ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፦ «ዙሩን ሳልጽፍ የቀረሁት በስህተት ነው።» ከፈረሙበት የሌሲ ስም በአሸናፊነት በነሐስ ተቀርጾ አሮጌው ሜዳ በር ላይ ይሰቀላል፤ ምርቃቱ ቅዳሜ ነው። ካልፈረሙ የሚሰቀል ነገር የለም።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«እንግዲህ ሌሲ ያሸንፋል፣ እኔ ቂል እሆናለሁ።»

«እንደሱ ሳይሆን… ሰዉ እኮ ድሮም…»

«ጨርሰው እንጂ! ድሮም ቂል ነሽ ይሉኛል። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ብለውኛል። ደክሞኛል፣ የኔ ማር። መናደድ ራሱ ደክሞኛል።»

ባቄላው ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ይታየኛል፤ ቆቡን በእጁ የያዘ ወጣት። ዓይኔን ተከትለው አዩት።

«ወንድሜ ዶይል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ቀን ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከነመኪናው ተቃጠለ። የሱንም ዙር የምጽፍ እኔ ነበርኩ። ሰዓቱን እያየሁ ጠበቅሁት።»

«ሌሲስ ስለዚያ ዙር ጠይቀውዎት ያውቃሉ?» አልኩ።

«አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ጠዋት ምሳውን ይዞ ወደ ፋብሪካው ይሄዳል፤ ማታ ይመለሳል። እግሩ አብጦ፣ ካልሲ ካልሲ እየሸተተ ይመለሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ማታ አልቀረም።»

መነሳት ነበረብኝ። እኔ ሰው አፋጥጬ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥሁ።

«ሚስ ቨርኔል፣ የሌሲ መኪና መስመሩን ሲያልፍ አይተውት ነበር?»

እጃቸው ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወረቀቱን ሳይፈርሙ አራት ቦታ አጥፈው ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«እሱን አልመልስልህም» አሉ፤ ባቄላቸውንም ወደ ጉልበታቸው ሳብ አደረጉ።