የአሥር አለቃ ደምሴ ቶንዶስ

የልጅ ልጄን ጸጉር ቤት ስወስደው አስተካካዩ ማሽኑን አንስቶ «ጎኑ አንድ ቁጥር፣ አናቱ ሦስት ይሁን?» ሲል፣ እጄ ሳላውቀው ወደ አናቴ ይሄዳል። እዚያ አሁን ያለው በራ ብቻ ነው። ልጅ እያለሁ ግን ቁንጮ ነበረኝ።

ቁንጮዬ እንደ ሌሎቹ ልጆች ለወጉ የተተወ አልነበረም። ከእኔ በፊት የተወለዱት ወንድሞቼ ጡት ሳይጥሉ ስለሞቱባት፣ እናቴ እግዜር እኔን ካተረፈላት ቁንጮዬን ማንም ሳይነካው ቤተ ልሔም ገዳም ወስዳ ልታስላጨኝ ተስላ ነበር። ቅቤ ትቀባዋለች፤ ሰው ሲነካው ትቆጣለች። እኔ ደግሞ አምርሬ ጠላሁት። በጃንሆይ ዘመን በተከፈተችው ትምህርት ቤታችን ልጆቹ እየጎተቱት ያላግጡብኝ ነበር።

አርብ ገበያ ላይ ከአንድ ግራር ሥር አሥር አለቃ ደምሴ የሚባሉ የቀድሞ ወታደር ጸጉር ያስተካክሉ ነበር። አገሩ ሁሉ በምላጭ ሲላጭ፣ እሳቸው ቶንዶስ የሚባል በእጅ የሚጨመቅ የጸጉር መቁረጫ ነበራቸው። እላዩ ላይ የሚገጠሙ ማበጠሪያዎችም ነበሩት። ረጅሙን ገጥመው አናቱን፣ አጭሩን ገጥመው ማጅራቱን ይቆርጡና፣ መሐሉን ድንበሩ እስኪጠፋ ድረስ ያመሳስሉታል።

በፋሲካ ሰሞን አባቴ እሳቸው ዘንድ ወሰደኝ። «ቁንጮውን አደራ፣ የስለት ነው» ብሎ በሬ ሊያይ ሄደ። አሥር አለቃ ጎንና ጎኑን አሳምረው ጨረሱና ራቅ ብለው አዩኝ። «ጫፍ ጫፉን ብቻ ከጎኑ ጋር ላመሳስልልህ? እንዲህ ተገትሮ አያምርም» አሉ። ስለቱን እያወቅሁ «እሺ» አልኩ። በቀኝ ሲቀንሱ ግራው በዛ፤ ግራውን ሲቀንሱ ቀኙ በዛ። ማበጠሪያ እየቀያየሩ ሲያስተካክሉ ሲያስተካክሉ፣ በመጨረሻ ቶንዶሱን አወረዱ። ቁንጮዬ አልቋል። መስታወቱን አቀብለውኝ የወደቀውን ጸጉር ከመሬት ይለቅሙ ጀመር። እኔ ግን ደስ አለኝ። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እናቴ ስታየኝ ሰው እንደ ሞተባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። አሥር አለቃ የተቆረጠውን ጸጉር በመሐረብ ቋጥረው ተከትለውን መጥተው ነበር። ደጃፍ ላይ ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው እመይቴ፣ ልጁን አይቆጡት» አሉ። እኔ እሺ ማለቴን አልተናገርኩም። የነፍስ አባታችን «እግዜር ለጸጉር ብሎ ልጅ አይቀማም፤ ይህንኑ ወስደሽ ስለትሽን አድርሺ» አሏትና አደረሰች። ሆኖም ባስነጠስኩ ቁጥር ፊቷ ይለዋወጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አሥር አለቃ አርብ አርብ ሥራቸውን አቋርጠው በገበያው መሐል ይፈልጉኝ ጀመር። ሲያገኙኝ አናቴን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ» እላለሁ። ሌላ ወሬ አልነበረንም።

ከፍ ስል ለትምህርት ንፋስ መውጫ ከተማ አጎቴ ዘንድ ተላክሁ። ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብቼ እሳቸውን ረሳሁ። ለበዓል ስመለስ እናቴ የሆነውን ነገረችኝ። አርብ በመጣ ቁጥር ቢያጡኝ፣ አባቴን ለመጠየቅም ድፍረት ቢያንሳቸው፣ አንድ ቀን ራሳቸውን እንደ ሐዘንተኛ ሙልጭ አድርገው ተላጭተው ቤታችን መጡ።

«ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት፣ እመይቴ» አሏት።

«ኧረ በማርያም! ልጄማ ትምህርት ላይ ነው» ስትላቸው፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እናቴም አብራቸው አለቀሰች።

እናቴ ይህን በነገረችኝ ማግስት አርብ ስለ ነበር ገበያ ወጣሁ። ግራሩ ሥር ማንም የለም። ወደ አገራቸው ወደ እስቴ ገብተዋል አሉኝ። ዳግመኛም አላየኋቸውም። አንድ አርብ ሄጄ «ልሄድ ነው» ብላቸው ምን ነበረበት?

የዛሬው ማሽን ቁጥሩ ተጽፎበታል፤ ሳይሳሳት በአፍታ ያመሳስላል። ቢሳሳትም ጸጉር ይበቅላል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይበቅላል። የልጅ ልጄ ከወንበሩ ሲወርድ አናቱን በመዳፌ ዳበስ አደርግና «አለህ?» እለዋለሁ።

«የት እሄዳለሁ፣ አባባ?» ብሎ ይስቅብኛል።